«ኒቭ»ን በፊደላችን ስንጽፋት፦ ለሴት ልጅ የአየርላንድ ስም ስለ መምረጥ

ወንድሜ የሚኖረው በደቡብ አየርላንድ፣ በኮርክ ከተማ ነው፤ ባለቤቱም የዚያው አገር ልጅ ናት። ሴት ልጅ እንደሚወልዱ ባወቁ ሰሞን ስድስት ስሞች በአንድ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፈው ፎቶውን ላኩልኝ፤ ደሴ ለምትኖረው እናታችን በስልክ እያነበብኩ አስተያየቷን እንድቀበልላቸው ነበር። ሁሉም በላቲን ፊደል የተጻፉ የቆዩ የአየርላንድ ስሞች ናቸው። የመጀመሪያውን እንግሊዝኛ እንደማነብ አድርጌ «ኒያምህ» አልኳት። እናቴም «ምነው ልጄ፣ ይሄማ የሰው ስም አይመስልም» አለችኝ። ማታ ወንድሜ ሲደውል ስሙ «ኒቭ» ተብሎ እንደሚነበብ ነገረኝ፤ ከስድስቱ ውስጥ በትክክል ያነበብኩት አንዱን ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ ስለ እነዚህ ስሞች ያገኘሁትን ሳነብና የወንድሜን ባለቤት ስጠይቅ ከርሜአለሁ። የተረዳሁት ዋና ነገር ከስም ጎን የሚጻፈው ባለ አንድ ቃል ፍቺ ስለ ስሙ የሚነግረን እጅግ ጥቂቱን መሆኑን ነው። «ኒቭ ማለት ብርሃን፣ ድምቀት ነው» የሚል ዝርዝር ስሙ በአፍ እንዴት እንደሚጠራ፣ መቼ መውጣት እንደ ጀመረ፣ ስሙን ይዘው ያለፉ ሴቶች ምን እንደ ደረሰባቸው፣ በሌላ ቋንቋ ጆሮ ሲገባ ምን መስሎ እንደሚሰማ አይናገርም። ልጅቱ ግን ዕድሜዋን ሙሉ የምትኖረው ከዚህ ሁሉ ጋር ነው። በአየርላንድ፣ በእንግሊዝ ወይም በአሜሪካ ከአየርላንዳውያን ጋር ተጋብተው ልጅ የሚጠብቁ ወገኖች ስላሉም ያወቅሁትን በቅደም ተከተል ላስረዳ።

ከአጻጻፉ እንጀምር፤ ብዙ ወላጆች ወደው የመረጡትን ስም የሚተዉት እዚህ ላይ ነውና። የአይሪሽ ቋንቋ አጻጻፍ እንግሊዝኛ ለለመደ አንባቢ የተዘበራረቀ ይመስለዋል እንጂ ጽኑ ሕግ ያለው፣ ሕጉንም ከእንግሊዝኛው በተሻለ የሚጠብቅ ነው። በባህላዊው የአይሪሽ አጻጻፍ የሚሠራባቸው ሆሄያት 18 ብቻ ሲሆኑ «ቪ» የሚባለው ሆሄ ከነዚህ ውስጥ የለም። የ«ቭ» ድምፅ ግን በቋንቋው ውስጥ ሞልቷል፤ ስለዚህ ድምፁን የሚጽፉት ከ«ቢ» ወይም ከ«ኤም» ቀጥሎ «ኤች» በመጨመር ነው። የኒቭ ስም በ«ኤም» እና በ«ኤች» የሚያልቀው ለዚህ ነው። በወረቀቱ ላይ ከነበሩት ስሞች ሌላዋ «ሳይቭ» ስትጻፍ «ኤስ፣ ኤ፣ ዲ፣ ኤች፣ ቢ፣ ኤች» ናት፤ እነዚህን ስድስት ሆሄያት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ከየት ጀምሮ እንደሚያነባቸው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

የእኛን ፊደል አሠራር የሚያውቅ ሰው ግን ይህን ነገር ለመረዳት ከማንም ይልቅ ቅርብ ነው። ግእዝ የ«ቨ» ድምፅ ስለሌለው፣ የውጭ ቃላትን መጻፍ ሲያስፈልገን በ«በ» አናት ላይ ሰረዝ ጨምረን «ቨ»ን አበጀን። አየርላንዳውያንም እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ሲገለገሉበት በኖሩት በራሳቸው የፊደል ቅርፅ ያደርጉ የነበረው ይህንኑ ነው፤ በ«ቢ» አናት ላይ አንዲት ነጥብ ያኖሩና «ቭ» ብለው ያነቡታል። በኋላ ሌላው አውሮፓ የሚጠቀምበትን የኅትመት ፊደል ሲቀበሉ የነጥቧን ቦታ «ኤች» ወሰደው። በኒቭ መጨረሻ ያለው «ኤች» እንግዲህ ራሱን የቻለ ድምፅ ሳይሆን ከአናት ወርዶ ከጎን የቆመ ምልክት ነው። ይህን ለእናቴ በባለ ሰረዙ «በ» ምሳሌ ሳስረዳት ወዲያው ገባት፤ የወንድሜ ባለቤት ደግሞ በተራዋ «በ» እና «ቨ» ጎን ለጎን ተጽፈው ስታይ ተደነቀች።

ሁለተኛው ሕግ የአናባቢዎቹ ነው። በአይሪሽ ተነባቢዎች ሰፊና ቀጭን ተብለው በሁለት ይከፈላሉ፤ «አይ» ወይም «ኢ» የተባለው ሆሄ አጠገባቸው ሲቆም ይቀጥናሉ። ቀጭኑ «ኤስ» «ሽ» ተብሎ ይነበባል፤ ሽቮን፣ ሽኔድ፣ ሮሺንና ሲርሻ የሚባሉት ስሞች «ሽ»ን ያገኙት ከዚህ ነው። ቀጭኑ «ዲ» ወደ «ጅ» ስለሚጠጋም «ብሪድ» የሚለው ስም በአንዳንድ አካባቢ «ብሪጅ» ተብሎ ይሰማል። አማርኛ ተናጋሪን ይህ አይደንቀውም፤ ወንዱን «ውሰድ» ብለን ሴቷን «ውሰጂ»፣ ወንዱን «ጨርስ» ብለን ሴቷን «ጨርሺ» ስንል ምላሳችን የሚሠራው ያንኑ ሥራ ነው። በቃሉ መሃል የሚደረደሩት አናባቢዎችም ብዙዎቹ የሚነበቡ ሳይሆኑ አጠገባቸው ያለው ተነባቢ ሰፊ ይሁን ቀጭን የሚጠቁሙ ናቸው። «ኢፋ» የምትባለው ስም በላቲን ፊደል በአምስት ሆሄ ስትጻፍ ከአምስቱ አራቱ አናባቢ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ከአናባቢ በላይ የምትቀመጠው ዘንበል ያለች ጭረት «ፋዳ» ትባላለች፤ ፍቺዋም «ረጅም» ማለት ሲሆን አናባቢው እንዲረዝም ታዛለች። ስትታይ ትንሽ ብትሆንም ቃል ትለውጣለች፤ «ሾን» የሚባለው የታወቀ የወንድ ስም ፋዳዋ ከወደቀችበት «ያረጀ» የሚል ሌላ ቃል ይሆናል። የፋዳን ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስም ከመጻፉ በፊት የሚጠራ ነገር ነው፤ አይሪሽ ደግሞ ሰው ሲጠራ ስሙን ይለውጠዋል። ብሪድ የተባለችውን ልጅ ለመጥራት «አ ቭሪድ»፣ ሽቮን የተባለችውን ለመጥራት «አ ሂቮን» ይባላል፤ ስለ ልጅቱ ሲወራ አንድ ዓይነት፣ ልጅቱን ራሷን ሲጠሯት ሌላ ዓይነት ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ቋንቋው በሚነገርበት ቤት እንጂ እንግሊዝኛ ብቻ በሚነገርበት አይደለም፤ ስለዚህ ወላጆች ከወዲሁ ሊነጋገሩበት ይገባል። ማቆላመጡም አለ። እኛ ጽጌን «ጽጌዬ» እንደምንለው እነሱ «ኢን» የምትል ቅጥያ ይጨምራሉ፤ ሮሺን «ትንሿ ጽጌረዳ» ማለት ስትሆን ቁልምጫው ራሱ ስም ሆኖ ቀርቷል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካኝ የማርያም ስም ነገር ነው። በመካከለኛው ዘመን አየርላንድ የእመቤታችን ስም እንዲሁ ለሰው ልጅ የሚሰጥ አልነበረም፤ ከቅድስናው የተነሣ ይፈራ ነበር። በምትኩ «ማል ሙይራ» የሚል ስም ያወጡ ነበር፤ «ማል» መነሻው ጠጉሩን የተላጨ መነኩሴ ሲሆን የስሙ ሐሳብ «የማርያም አገልጋይ» ማለት ነው። በቀጥታ በማርያም ስም መጥራት እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ እምብዛም አልተለመደም፤ ሲለመድም ቃሉን ለሁለት ከፈሉት። ዛሬም በአይሪሽ «ሙይራ» የምትባለው የጌታ እናት ብቻ ስትሆን፣ ሌላዋ ማርያም ሁሉ «ሞይራ» ናት። በእኛ በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ «ወለተ ማርያም» ወይም «አመተ ማርያም» ትባላለች እንጂ በደፈናው «ማርያም» እንደማትባል ለሚያውቅ ሰው፣ ይህን ያህል በሚራራቁ ሁለት አገሮች አንድ ዓይነት አክብሮት ማየት የሚያስገርም ነው። «ማሎን» የሚባለው የቤተሰብ ስም የ«ማል» ዘር ሆኖ መነሻው «የዮሐንስ አገልጋይ» ነው፤ «ማክብራይድ» የሚባለው ደግሞ «የብሪድ አገልጋይ ልጅ» ማለት ነው። ገብረ ዮሐንስ ከሚለው ስም ጋር በሐሳብ አንድ ናቸው።

የብሪድ ስም በሰው ፊት ከፍ ብሎ፣ ወድቆ፣ እንደገና የተነሣ ስለሆነ ታሪኩን ማወቅ ይገባል። ብሪድ የብሪጊድ፣ በእንግሊዝኛም የብሪጅት ሌላ መልክ ናት። ቅድስት ብሪጊድ በ5ኛውና በ6ኛው ክፍለ ዘመን እንደኖረች የሚነገርላት የኪልዴር ገዳም መሥራች ናት፤ ኪልዴር ማለትም «የባሉጥ ዛፍ ቤተ ክርስቲያን» ማለት ነው። ከክርስትና በፊት በዚሁ ስም የምትጠራ የቅኔ፣ የፈውስና የአንጥረኝነት አማልክት ነበረች፤ ስሙም «ከፍ ያለች» ተብሎ ይተረጎማል። ለብዙ ዘመን ይህን ስም የያዘች ሴት የሌለችበት ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል። ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1852 የዘለቀው ታላቅ ረሃብ መጣ፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፣ ከዚያ የሚበልጠው ተሰደደ። አሜሪካ የገቡት ወጣት ሴቶች በኒው ዮርክና በቦስተን ቤቶች በገረድነት ሲቀጠሩ፣ ብሪጅትና «ቢዲ» የተባለው ማቆላመጫው የእያንዳንዷ ሴት ስም መሆኑ ቀርቶ የአየርላንዳዊት ገረድ ሁሉ መጠሪያ ሆነ፤ በጋዜጣ ሥዕልም መቀለጃ አደረጓቸው። እናቶች ልጆቻቸውን ከዚህ ለማዳን ስሙን ተዉት። አንዲት ሴት ለፍታ ባደረች ስሟ ነውር እንዲሆን መደረጉ ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል፤ በዓረብ አገር ቤቶች የሚሠሩ እህቶቻችን የራሳቸው ስም እያላቸው በሌላ ስም ሲጠሩ የሰማ ሰው ነገሩን አያጣውም። የብሪጊድ በዓል በየዓመቱ በጥር መገባደጃ፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 1 ቀን ይከበራል፤ ከ2023 ወዲህ በአየርላንድ ብሔራዊ የሕዝብ በዓል ሆኗል፤ በሴት ስም የተሰየመ የመጀመሪያው በዓልም ነው። ዛሬ ልጁን ብሪድ የሚል ወላጅ የሚያወጣው ስም ክብሩ የተመለሰ ስም ነው።

ሌሎቹ ስሞች የተጎዱት በመዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1864 ጀምሮ በአየርላንድ የሚወለድ ሕፃን ሁሉ በመንግሥት መዝገብ እንዲሰፍር ሲደረግ የአስተዳደሩ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር። በቤቷ ሳይቭ የምትባለው በመዝገብ ሳራ ወይም ሳሊ፣ ግሮንያ የምትባለው ግሬስ፣ ፊኑላ የምትባለው አንዳንድ ጊዜ ፔኔሎፒ ሆና ትጻፍ ነበር፤ በድምፅ ጥቂት ከመመሳሰላቸው በቀር ስሞቹን የሚያገናኝ ነገር የለም። በመካከላቸው በአሳብ የተሠራ የሚመስለው የጎብኒት ስም ነው። ቅድስት ጎብኒት በኮርክ አውራጃ ባሊቮርኒ በተባለ ቦታ የምትከበር የንብ አርቢዎች ጠባቂ ስትሆን፣ ስሟን የያዙ ሴቶች በእንግሊዝኛ «ዴቦራ» ይባሉ ነበር፤ ዴቦራ በዕብራይስጥ «ንብ» ናት። ላሊበላ ሲወለድ ንቦች ከበቡት የሚለውን ትርክት ሰምቶ ያደገ ሰው እንዲህ ያለውን ስም በቀላሉ አያልፈውም። ጎብኒት ከስድስቱ አንዷ ነበረች፤ የወንድሜ ባለቤት የአያቷ ስም ስለሆነ እጅግ ትወደዋለች፤ ነገር ግን በዛሬዎቹ ልጆች ዘንድ ብርቅ የሆነ፣ የአሮጊት ስም ተደርጎ የሚታይ ነው።

ስምን በመዝገብ መለወጥ ከእኛም ወገን ያልደረሰ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ወደ እስራኤል የገቡ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በዚያ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸው፣ ከልጆቻቸው አንዳንዶቹ ዛሬ የአያቶቻቸውን የአማርኛና የትግርኛ ስሞች እየመለሱ ይገኛሉ። በአየርላንድ መመለሱ የተጀመረው ቀደም ብሎ ነው። በ1893 ቋንቋውን ለማስተማርና ለማስፋፋት የተቋቋመው የጌሊክ ማኅበር አባላት የእንግሊዝኛ ስማቸውን በአይሪሽ መጻፍ ጀመሩ፤ በ1922 አገሪቱ ራሷን ስትችል ደግሞ የአይሪሽ ስም ማውጣት የሚያኮራ ነገር ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ጉዳይ አለ። ዛሬ «ጥንታዊ የአየርላንድ ስም» ተብለው በየዝርዝሩ የሚቀርቡ አንዳንድ ስሞች ቃላቸው ጥንታዊ ቢሆንም ስም ከሆኑ ገና መቶ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ሲርሻ «ነፃነት» ማለት ስትሆን ሰዎች ለልጆቻቸው ያወጧት ከነፃነቱ ትግል ወዲህ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ እኛ ነፃነት የሚል ስም እንደምናወጣ ሁሉ የዘመን ምልክት አለባት። አሽሊንግ «ሕልም፣ ራእይ» ናት፤ በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን አገሪቱን በሕልም እንደ ታየች ውብ ሴት አድርገው ይቀኙ የነበሩ ባለቅኔዎች የግጥም ዓይነት መጠሪያ ሆና ኖራ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የሰው ስም ሆነች። ፊያ ደግሞ ከሁሉ ታናሽ ናት፤ በአሮጌው አጻጻፍ የተጻፈ «አጋዘን፣ የዱር» የሚል ቃል ሆና ሳለ፣ በ2021 በአየርላንድ ለተወለዱ ሴቶች ልጆች ከወጡት ስሞች ሁሉ ቀዳሚ እንደነበረች የአገሪቱ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት አስታውቋል። በተቃራኒው ፍጹም አየርላንዳዊ የሚመስሉት ሽቮንና ሽኔድ በ1169 ወደ አገሪቱ ከገቡት ኖርማኖች የፈረንሳይኛ ስም የተወሰዱ ናቸው፤ የሁለቱም ሥር ዮሐንስ ከሚለው የዕብራይስጥ ስም ጋር አንድ ሲሆን ትርጉሙም «እግዚአብሔር ጸጋን ሰጠ» ማለት ነው። ካትሊንም ከካትሪን የመጣች ናት። እንደ እኔ አሳብ ስም አዲስ ወይም ተዋሶ የመጣ መሆኑ ከክብሩ አይቀንስበትም፤ ሆኖም ልጃቸው ጥንታዊ ስም እንድትይዝ የሚሹ ወላጆች አዲሱን ከጥንቱ ለይተው ቢመርጡ ይሻላል። ኤሪን፣ ኮሊንና ሻነን የሚባሉትም ይበልጥ የገነኑት በስደተኛው ዘንድ ነው። ኤሪን አገሪቱ ራሷ፣ ሻነን ወንዟ ናት፤ ኢትዮጵያና አባይነሽ ብለን እንደምናወጣው ያለ የናፍቆት ስም ነው። ኮሊን ግን በአይሪሽ «ልጃገረድ» ማለት ብቻ ስለሆነ፣ በዚያው በአገሩ ሰው ጆሮ እንደ ስም አይሰማም።

የጥንት ትረካዎቹ ስሞች ሌላ ጥያቄ ያስነሣሉ። ዲርድራ የተባለችው ውብ ገና ሳትወለድ ታላቅ ኀዘንና ደም መፋሰስ እንደምታመጣ ተተንብዮባት፣ የተባለውም ሁሉ ደርሶባታል። የአየርላንድ ወላጆች ለድምፁና ለውበቷ ሲሉ ስሙን በ20ኛው ክፍለ ዘመን በብዛት አወጡት፤ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ብሎ ያደገ ሰው ግን እጁ ወደ ኋላ ቢል አይገርምም። ኒቭ ጠጉሯ ወርቅማ የሆነ የማያረጁበት ምድር ልጅ ስትሆን ወጣቱን ኦሺንን በፈረሷ ይዛው ሄዳ፣ ጥቂት ጊዜ የቆየ የመሰለው ወጣት ሲመለስ ሦስት መቶ ዓመት አልፎ ያገኘዋል። ሜቭ የኮናክት ንግሥት ናት፤ ስሟ «የምታሰክር» ማለት ሲሆን ሥሩ ከማር ከሚጣለው መጠጥ፣ ከጠጅ ስም ጋር የተዛመደ ነው። ግሮንያ በትረካው ለአረጋዊ የጦር አለቃ ታጭታ ከወደደችው ጋር የኮበለለች ናት፤ በታሪክ ደግሞ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መርከቦች እየመራች በምዕራቡ ጠረፍ የገነነችው ግሮንያ ኒ ዋለ በ1593 ለንደን አጠገብ ግሪኒች ድረስ ተጉዛ ከንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ጋር ፊት ለፊት ተነጋግራለች። ሴት ልጅ ጠንካራ ሆና እንድታድግ የሚመኝ ወላጅ ከነዚህ ሁሉ ስሞች የተሻለ ምሳሌ የሚያገኘው በዚህችኛዋ ይመስለኛል።

ስም የማውጣቱ ልማድም ይለያያል። በእኛ ዘንድ ስም ብዙ ጊዜ ለልጅቱ ሲባል አዲስ የሚፈጠር ዓረፍተ ነገር ነው፤ ወርቅነሽ፣ ዓለምነሽ፣ ጥሩነሽ ስንል ገና የተወለደችውን ሕፃን «አንቺ እንዲህ ነሽ» ብለን እያነጋገርናት ነው፤ ከሞት በኋላ የተወለደችውን ማስረሻ ወይም ካሣነሽ ስንል ደግሞ የቤቱን ኀዘን እንጽፋለን። በአየርላንድ ግን ስም በአብዛኛው የሚወረስ ነበር። በድሮው ሥርዓት የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ በእናቷ እናት፣ ሁለተኛዋ በአባቷ እናት፣ ሦስተኛዋ በእናቷ ስም ትጠራ ነበር፤ ስለዚህ በአንድ መንደር አሥር ብሪዶች ቢገኙ ማንም አይደንቀውም። ዛሬ ሥርዓቱ እንደ ሕግ ባይጠበቅም የአያት ስም ሲቀር የሚከፋቸው አሉ። ለወንድሜ ባለቤት ጎብኒትን መተው ከባድ የሆነባት ለዚህ ነበር፤ በመጨረሻም ሁለተኛ ስም ሆኖ እንዲገባ ተስማሙ።

ከዚያ የእናቴ ጆሮ ተራ ደረሰ። በትክክል ያነበብኩት አንዱ ስም «ኖራ» ነበር፤ በኖርማኖች በኩል የመጣ፣ «ክብር» ከሚለው የላቲን ቃል የተወለደ መልካም ስም ነው። በአማርኛ ግን ኖራ የቤት ግድግዳ የሚለቀለቅበት ነጭ ነው። «ኡና» የተባለችው ሌላዋ ስም በእንግሊዝኛው ወግ «ዩና» ብዬ ያነበብኳት ነበረች፤ ስትስተካከል ደግሞ ይበልጥ ከፋች፤ እናቴ የሰማችው «ኦና» ነው፤ ሰው የለቀቀው፣ የፈረሰ ቤት። ለሕፃን እንዲህ ያለ ስም ማሰብ አስደንግጧት ሁለት ጊዜ አማተበች። ኒቭን ስትሞክር «ቭ» አልወጣላትም፤ «ኒብ» አለች፣ ትንሽ ቆይታ «ንብ» ሆነች። ሳይቭም «ሳይብ» ሆና ቀረች። እንዲህ ያለውን ነገር እንደ ቀላል የሚያዩ አሉ፤ እኔ ግን አያት ያለ ጭንቅ የማትጠራውን ስም ለልጅ ማውጣት አያትና የልጅ ልጅ ገና ከመጀመሪያው እንዲራራቁ ማድረግ ነው እላለሁ።

የቀረችው ኢፋ ናት። በአየርላንድ ትረካ ኢፋ የታወቀች ጦረኛ ሴት ስትሆን፣ በታሪክም የሌንስተር ንጉሥ ልጅ የነበረችው ኢፋ በ1170 በዋተርፎርድ ከኖርማኑ የጦር መሪ ጋር ተጋብታለች፤ ስሙን «ውበት፣ ድምቀት» ብለው ይፈቱታል። እናቴ ልጅነቷን ያሳለፈችው ከሚሴ አካባቢ ነውና ኦሮምኛ ታውቃለች። ስሙን ሳልጨርስላት «ኢፋ ማለትማ ብርሃን ነው» አለችኝ። ሁለቱ ቃላት ዝምድና የላቸውም፤ ድምፃቸው በአጋጣሚ የገጠመ ነው። በኦሮምኛ ኢፋ የሰው ስም ሆኖም ይሠራበታል፤ ለወንድም ይወጣል።

ወረቀቱ ቀረ። የአየርላንድ ሕግ ልደት በ3 ወር ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ወላጅ የሚመርጥበት የተፈቀዱ ስሞች ዝርዝር የለም። አስቸጋሪው የቤተሰብ ስም የተባለው ነው፤ እንደ ደንቡ የአባት፣ የእናት ወይም የሁለቱ ይሆናል። በ1960፣ በእኛ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም ልማዱ አልተቀበለውም፤ የምንጠራው በራሳችን፣ በአባታችንና በአያታችን ስም ነው። ወንድሜ በፓስፖርቱ የቤተሰብ ስም ተብሎ የተያዘለት የአያቱ ስም ስለሆነ ልጁ የወረሰችው የቅድመ አያቷን ስም ነው፤ የአባቷ ስም ከወረቀቷ ላይ እንዳይጠፋ የሚፈልግ ወላጅ ከምዝገባው በፊት ይህን ሊያስብበት ይገባል። የሚያጽናናው ነገር አየርላንዳውያንም ሴትን በአይሪሽ ሲጽፉ ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ስሟን «ኒ» ብለው መጀመራቸው ነው፤ «ልጅ» ከሚለው የሴት ቃል የወጣ ስለሆነ ከ«ወለተ» ጋር አንድ ሐሳብ አለው።

ፋዳ ላለበት ስም በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ጭረቷ መግባቷን እዚያው ቆሞ ማየት ያስፈልጋል። በፓስፖርት የታችኛው የማሽን መስመር ላይ ፋዳ አይጻፍም፤ አንዳንድ የኮምፒውተር ቅጾችም አይቀበሏትም፤ ስለዚህ ስሟ በሁለት መልክ ሲታይ ወላጅ ሊደናገጥ አይገባም። ኢፋ ፋዳ ስለሌላት ከዚህ አሳብ ነፃ ናት። በእኛ ፊደልም አንዱን አጻጻፍ ወስኖ በዚያው መጽናት ይገባል፤ ኒቭ፣ ኒየቭ፣ ኒብ እየተባለ በክርስትና ካርድ፣ በቤተሰብ ሰነድና በጉዞ ወረቀት ላይ ሦስት ዓይነት ከተጻፈች ኋላ አንዲት ሰው መሆኗን ማስረዳት ይከብዳል።

ሕፃኗ በተወለደች በሦስተኛው ቀን ወንድሜ በቪዲዮ ደወለ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠግታ «ኢፍዬ፣ የኔ ብርሃን» አለቻት። የወንድሜ ባለቤት አማርኛው ባይገባትም ስሟን ሰማች፤ ከአየርላንድ ውጭ ካለ ሰው ሁሉ ማንም ሳያርማት በትክክል የጠራቻት የመጀመሪያዋ እናቴ እንደሆነች ነገረችኝ።